ሥዕል አዝዛችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው በቴሌግራምና በፌስቡክ በግላቸው ከሚሠሩ ሠዓሊዎች ሥዕል ለምታዙ፣ በተለይም የወላጆቻችሁን ወይም የልጆቻችሁን ምስል በዘይት ቀለም ለማሠራት ቀብድ ልትከፍሉ ለተዘጋጃችሁ ነው። «ሥራው እዚህ ደርሷል» እየተባለ የሚላክላችሁ ፎቶ ሥዕሉ በእርግጥ እየተሣለ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። እኛ ከፍለን የተረከብነው «የዘይት ቀለም ሥዕል» በኮምፒውተር ተነካክቶ ሸራ ላይ የታተመ ፎቶግራፍ ሆኖ ተገኝቷል።

እኔና ዋሽንግተን የምትኖረው እህቴ እናታችን ሰባ ዓመት ሲሞላት ምስሏን አሠርተን ልንሰጣት ተስማማን። ነጠላዋን ተከናንባ፣ እንዝርቷን ይዛ ጥጥ ስትፈትል የተነሣችው የቆየ ፎቶግራፍ ስላለን እሱን ላክን። ሰውየው ሥራዎቹን ከንድፍ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ በቻናሉ እያሳየ የሚሸጥ ሠዓሊ ነኝ ባይ ነው። ዋጋው 38 ሺህ ብር፣ ግማሹ በቅድሚያ፣ ቀሪው በርክክብ ጊዜ ተባለ። «ሸራ ላይ በዘይት ቀለም፣ በእጅ የሚሣል» ብሎ በመልእክት ጽፎልናል። መሃል ላይ ቀለም ተወደደብኝ ብሎ 6 ሺህ ብር አስጨመረን። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው መናሩን የማያውቅ ስለሌለ፣ ምክንያቱ የሚታመን ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው የሚጠቀመው በእውነተኛ ችግር ነው።

በየጊዜው ፎቶ ይልክልን ነበር። መጀመሪያ የእርሳስ ንድፍ፣ ቀጥሎ ቡናማ የመነሻ ቀለም የተቀባ ሸራ፣ ከዚያ ፊቷ ብቻ ቀለም የለበሰበት፣ በመጨረሻም የተጠናቀቀው። እህቴ እያንዳንዱን ፎቶ ለዘመድ ሁሉ ታስተላልፍ ነበር። ደስ ይል ነበር፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። ገንዘቡን ብቻ አይደለም የበላው፣ ያንን ደስታ ጭምር ነው የሸጠልን።

ሥዕሉ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በመልእክተኛ መጣ፤ መልእክተኛው ቀሪውን ክፍያ ሳይረከብ አላስነካንም። ስንፈታው የዘይት ቀለም የሚለወስበት የተልባ ዘይት ሽታ የለውም። አዲስ የዘይት ቀለም ይሸታል፣ ቶሎም አይደርቅም። ለመንካት እንኳ ቀናት፣ ወፈር ብሎ ከተቀባ ሳምንታት ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ቫርኒሽ እንዲቀባም በልማዱ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይጠበቃል። የእኛው ግን «ትናንት ጨረስኩት» በተባለ ማግስት ደርቆና አብረቅርቆ መጣ። በመስኮት ብርሃን አዘንብለን ስናየው የብሩሽ ምልክት አለው፤ ነገር ግን ምልክቱ ከላይ የተቀባ፣ ቀለም አልባ ወፍራም ማጣበቂያ ነው። በሥዕሉ ላይ ከእናታችን ጀርባ ካለው ግድግዳ ተነሥቶ ጉንጯን፣ አፍንጫዋን፣ ነጠላዋን እያቋረጠ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ጉንጭ የሣለ እጅ የጉንጩን ክብ ይከተላል። በስልክ ካሜራ አቅርበን ስናነሣው ደግሞ የነጠላው ጥለት ውስጥ የሰማያዊ፣ የቢጫና የቀይ ደቃቅ ነጠብጣቦች ታዩ። ያ የማተሚያ ማሽን ሥራ ነው። ሸራው በእንጨቱ ላይ የታጠፈበት ጠርዝም ፍጹም ነጭ ነበር፤ አንዲት የቀለም ጠብታ የለችበትም።

ከዚያ ተመልሰን የላከልንን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። በአራቱም ላይ ከሸራው አጠገብ የቀለም መቀላቀያ ሰሌዳ ይታያል። በአራቱም ላይ ያው ቢጫ ክምር፣ በላዩም ያው የጣት አሻራ አለ። ሳምንታት ሙሉ ሲሠራበት የከረመ ሰሌዳ እንዴት ሳይነካ ይቀራል? ፎቶውን በጉግል ምስል ፍለጋ ስንፈልገው፣ ክፍሉም ሰሌዳውም ሌላ አገር የምትኖር የአንዲት ሠዓሊ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው የእሷን የሥራ ክፍል ፎቶ ወስዶ፣ የእናታችንን ፎቶግራፍ በስልክ ፕሮግራም አንዴ እርሳስ፣ አንዴ ቡናማ እያስመሰለ በእሷ ሸራ ላይ ይለጥፍ ነበር። ስንጠይቀው «ሕትመትም ጥበብ ነው» ብሎ መለሰ፤ ደግመን ስንጽፍ ቁጥራችንን ዘጋው።

ሕትመት ጥበብ መሆኑን ማንም አልካደም። ሕትመትነቱን ተናግሮ፣ በእርሳስ ፈርሞ፣ ከስንት ቅጂ ስንተኛው እንደሆነ ቁጥር ጽፎበት በሕትመት ዋጋ የሚሸጥ ሠዓሊ ክብር ይገባዋል። ሥራቸውን ከጅምሩ እያሳዩ የሚሸጡትንም እንድትሸሹ አልፈልግም። ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የወጡም ሆኑ በራሳቸው የተማሩ ብዙ ወጣቶች የጋለሪ ደጅ ሳይጠኑ እንጀራቸውን የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው። የዚህ ሰው ሥራ ከእኛ ይልቅ እነሱን ይጎዳል ብዬ አምናለሁ፤ የተታለለ ገዢ ነገ የሐቀኛውንም ፎቶ አያምንምና።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስቱዲዮው ሄዳችሁ ሥራውን እዩ። ውጭ አገር ካላችሁ ዘመድ ላኩ፤ ዘመድ ከሌላችሁ በቪዲዮ ጥሪ ይሁን። በጥሪው ላይ ሸራውን ከጎኑና ከጀርባው እንዲያሳያችሁ፣ በብርሃን አዘንብሎ እንዲያዞረው፣ ከተቻለም እያያችሁት ጥቂት እንዲቀባ ጠይቁ። የሚሣል ሰው ይህን ሲጠየቅ አይከፋውም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ያሳያሉ። «ሥራዬን ሳልጨርስ አላሳይም» የሚል ሰው መብቱ ነው፣ ግን ፎቶ በየሳምንቱ እየላከ ቪዲዮ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚያፍር ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። የባንክ ሒሳቡ ወይም የቴሌብሩ ስም በሥዕሉ ላይ ከሚፈርመው ስም ጋር የማይገናኝ ከሆነም ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ቀሪው ክፍያ የሚፈጸመው ጥቅሉ ተፈትቶ ሥዕሉ ከታየ በኋላ እንዲሆን አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት፤ መጠኑ፣ የቀለሙ ዓይነት፣ በእጅ የተሣለ መሆኑ፣ የርክክቡ ቀን ይጻፍ። ገንዘቡን ስትልኩ በምክንያቱ ቦታ «ለሥዕል ሥራ ቀብድ» ብላችሁ ሙሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። እንደ እኛ ሐሰተኛ ነገር እንደ እውነተኛ ከተሸጠላችሁ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ስለ አታላይነት የሚለውን ይዛችሁ ፖሊስ ዘንድ ቅረቡ። እኛ አቤቱታችንን አስገብተናል።

ይህን አንብባችሁ የራሳችሁን ሥዕል የተጠራጠራችሁ ካላችሁ፣ ከሻጩ ጋር ከመጣላታችሁ በፊት የመልእክት ልውውጡን፣ የቻናሉን ገጽና የላከላችሁን ፎቶዎች በሙሉ ቅጂ አስቀሩ፤ እኛ ከጠየቅነው በኋላ በርካታ ልጥፎቹን አጥፍቷል። ሸራውንም አትጣሉት፣ አትቅደዱት፣ ከእንጨቱም አታውጡት። የባንክ ደረሰኙን አትሙና ከሸራው ጋር አብራችሁ አስቀምጡ።