«ላይቭ ቪው ባትሪ ይበላል» ካሏችሁ ካሜራውን አስቀምጣችሁ ውጡ

ያገለገለ ካሜራ የሚሸጡትን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ጠባብ ሱቅ፣ መስታወት ውስጥ የተደረደረ ሌንስ፣ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት። ደረጃውን ወጥታችሁ ሳትጨርሱ «ቤተሰብ፣ ምን ላሳይህ?» ይላሉ። ዕቃው ሁሉ ከዱባይ ነው የመጣው። ካልሆነም የአንድ ፈረንጅ ነበር፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ቸኩሎ ሸጦላቸው። ስምንት ዓመት ሠርግ ስቀርጽ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ወሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። እያወቅኩ ገባሁበት።

አርብ ከሰዓት ነው። ካኖን 6ዲ፣ ያለ ሌንስ ቦዲው ብቻ፣ 68 ሺህ ብር። አሮጌዋ ካሜራዬ 60ዲ ጨለማ ላይ አንጀቴን ስለምታቃጥለው ነው ይህቺን የፈለግኩት። 6ዲ በፈረንጆቹ 2012 ስትወጣ መሃል ያለችው የፎከስ ነጥቧ በጨረቃ ብርሃን ትይዛለች ተብሎላት ነበር። እውነትም ትይዛለች። ግን በቪውፋይንደር፣ ዓይን በሚጠጋበት ቀዳዳ፣ ስታዩ ብቻ። ላይቭ ቪው ላይ፣ ማለትም ምስሉን በጀርባዋ ስክሪን በቀጥታ ስታሳያችሁ፣ ፎከስ የምታደርገው በሌላ መንገድ ስለሆነ ጨለማ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ስትል ሰዓቱ ይሄዳል። ይህንን አውቅ ነበር። ምስሉን አሥር እጥፍ አጉልቼ በእጄ ፎከስ አደርጋለሁ ብዬ ነው። ቪዲዮ ደግሞ ያለ ላይቭ ቪው አይቀረጽም። ስለዚህ ከምንም በፊት ማየት የነበረብኝ ላይቭ ቪውን ነው።

አየሁት እኮ! ሰውዬው ራሱ በሩ ድረስ ወስዶ ወደ መንገዱ አዞራት። ውጭው ፀሐይ ነው። ስክሪኑ ፏ አለ። «ይኸው፣ መስታወት በላት» አለኝ። «እስቲ ጨለማ ላይ ልያት» አልኩና ባንኮኒው ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ ልከታት ጎንበስ አልኩ። የዚህን ጊዜ እጁ መጣ። አልቸኮለም። አልነጠቀኝም። አውራ ጣቱን ብቻ ሰደድ አድርጎ ላይቭ ቪውን ጠቅ፣ አጠፋው። «ባትሪው እያለቀ ነው ወንድሜ። ላይቭ ቪው ባትሪ ይበላል፤ አንተ ታውቀው የለ?» አለኝ ፈገግ ብሎ።

እኔም «አዎ፣ ይበላል» አልኩት።

ጀርባዬ ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ ሦስት ሙሉ ቻርጅ የሆኑ ባትሪዎች ነበሩ። የ60ዲ ባትሪ 6ዲ ላይ ይገባል፤ ያው ኤልፒ-ኢ6 ነው። ይህን የሙያው ጀማሪ ሁሉ ያውቃል። ዚፕ መክፈት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ከአርብ ጀምሮ ስንት ጊዜ ያንን ዚፕ በሐሳቤ እንደከፈትኩት! «አንተ ታውቀው የለ» ሲለኝ ልቤ ቅቤ ጠጣች መሰለኝ። ባለሙያ ተብዬ ተሞገስኩና ብሩን እዚያው በሞባይል አስተላለፍኩ። ደረሰኝ የለም። አልጠየቅኩምም።

ቅዳሜ ከቤት ውጭ ሞከርኳት፤ ማር ናት። እሁድ ሌሊት 11 ሰዓት ተክሊል ነበረኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጧፍና ሁለት ደካማ መብራት ነው ያለው። ላይቭ ቪው ስከፍት ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ይህ የእኔው ጥፋት ነው። ማኑዋል ላይ ለፍላሽ ያስተካከልኩት ሴቲንግ ስላልተቀየረ፣ ያለ ፍላሽ ቢነሳ የሚወጣውን ጥቁር ፎቶ ነው የምታሳየኝ። ሜኑ ገብቼ ይህን የሚያደርገውን ኤክስፖዠር ሲሙሌሽን አጠፋሁት። በራ። ምነው በቀረብኝ!

የሙሽራው ካባ ላይ ከዳር እስከ ዳር አግድም መስመር ተሰልፏል። በግራ በኩል ሐምራዊ ጭስ የመሰለ ነገር አለ። ጥቁሩ ላይ ነጫጭ ነጥብ ተበትኗል። ሌንስ ቀየርኩ፤ ያው ነው። መብራቱ ይሆናል ብዬ ሻተሩን 1/50 ሰከንድ ላይ አደረግኩት፤ የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከመብራት የሚመጣ መስመር በዚያ ይጠፋል። አልጠፋም። ፎቶ ባነሳም ፎቶው ላይ አለ። ዲያቆኑ ይገላምጠኛል፣ ሚዜዎቹ ያዩኛል፣ እኔ ሜኑ ውስጥ ነኝ። በመጨረሻ 60ዲዋን አውጥቼ ሥራውን በእሷ ጨረስኩ። ፎቶው ጭቃ ነው። መስመር ግን የለውም።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ሰውዬው ከስልኩ ቀና ሳይል «ሴቲንግ ነው» አለኝ። «አይደለም» ስለው «እንግዲያው የቤተ ክርስቲያኑ መብራት ነው» አለ። የሌንሱን ክዳን ገጠምኩት፣ ለብርሃን ያላትን ስሜት የሚጨምረውን አይኤስኦ 6400 አደረግኩና አፍንጫው ሥር ይዤ ቆምኩ። ምንም ብርሃን አይገባም፤ መስመሮቹ ግን ቁጭ ብለዋል። ይኼኔ ማኪያቶ ይዞ የገባው ልጅ ስክሪኑን አየና ሳቀ። «እንዴ፣ ያቺ መስመር የምታወጣዋ ናት? ተመለሰች?»

ተመለሰች! እኔ ስንተኛው ነኝ?

ሰውዬው ልጁን አንዴ ገላመጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እንደ ሕፃን መከረኝ። «ወንድሜ፣ ጨለማ ውስጥ ምን ልታነሳ ነው? ካሜራ ብርሃን ነው የሚፈልገው።» በጣቱም ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አሳየኝ። ስጮህበት «እሺ፣ 25 ሺህ ጨምርና ሌላ ልስጥህ» አለ። ወጣሁ።

ጠጋኝ ጋ ወሰድኳት። ሲከፍታት ውስጧ ዝገት ነው፤ ውሃ ገብቶባታል። ነጫጮቹን ነጥቦች በሴንሰር ክሊኒንግ ሜኑ፣ ማኑዋል በሚለው አድርጎ ጥቂቶቹን አጠፋልኝ። መስመሩና ሐምራዊው ግን ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ሴንሰር ካልተቀየረ አይለቅም፤ እሱም ከካሜራዋ ዋጋ አይተናነስም አለኝ።

እና ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ የራሳችሁን ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ፤ ይዛችሁም አውጡት። ክዳኑን ግጠሙ፣ አይኤስኦውን ስቀሉ፣ ላይቭ ቪው ክፈቱና አንድ ሁለት ደቂቃ እዩት። አንድ ፎቶም እዚያው አንሱ። በር ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ የሚያሳዩአችሁን ነገር እንዳታምኑ።

የሙሽራዋ እናት ዛሬ ብቻ ሦስቴ ደውለዋል። ፎቶውን ሊያዩ ነው። እስካሁን ስልኩን አላነሳሁላቸውም።