ባለ አራት ጎማዋ ሞተርና የአጎቴ በቅሎ

ሰሞኑን ሁለት ሰዎች በተለያየ ቀን አንድ ዓይነት ነገር ጠየቁኝ። «ለአደን ባለ አራት ጎማ ሞተር ብገዛ ያዋጣኛል ወይ?» ደብረ ማርቆስ ላይ በእሷ ስንጎራደድ ያላየኝ ስለሌለ ነው መሰለኝ። ያቺ ቀይዋ፣ አዎ፣ የእኔ ነበረች። ሳላንዛዛ ልመልስ፤ ለአደን ከሆነ አያዋጣም። ለምን እንደማያዋጣ ግን ትንሽ ላውራ፤ ምክንያቱም ስገዛት የሰማሁላት ሙገሳ ሁሉ እውነት ነበር፣ ችግሩ የተነገረው ለሌላ አገር መሆኑ ነው።

የገዛኋት 2012 ላይ ነው። ያገለገለች፣ የቻይና ስሪት፣ 250 ሲሲ። 180 ሺህ ብር ሰጠሁባት። በዚያ ገንዘብ ያኔ ሁለት ደህና ቦክሰር ሞተር ሳይክል ይገኝ ነበር። ሻጩ «አራት በአራት ናት» ብሎኛል። አራት ጎማ አላት፣ እሱ ልክ ነው። የሚገፉት ግን የኋላዎቹ ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን ያወቅሁት ቤት ደርሼ ጎንበስ ብዬ ሰንሰለቷን ሳይ ነው። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ጎንበስ በሉ።

ሰበቡ አጎቴ ነው። ደብረ ኤልያስ ወረዳ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል በሚወርደው ቆላ በቆሎና ማሽላ ያርሳል። ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት የዱር አሳማና ጃርት አላስቀምጥ ብለውታል። በቆሎው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ሆኖ ወንጭፍ እያስጮኸ ነው የሚያድረው። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ የፈረንጅ አዳኞችን ቪዲዮ ሳይ ከርሜ፣ በሞተር ከተፍ ብዬ ማሳውን ሳስከብር፣ በበጋው ደግሞ ጅግራና ቆቅ ስመታ ይታየኝ ነበር።

የጅግራው ነገር ቶሎ ነው የቀረው። የሚመለከታቸውን ጠየቅሁ። ያኔ የነገሩኝ አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን አይፈቅድም ነበር። ፈቃድ ያለው አደን የሚበዛው ለዚሁ በተከለሉ ቦታዎች ነው፣ ለምሳሌ ባሌና አርሲ ተራሮች ላይ፣ የደጋ አጋዘን የሚፈልጉ የውጭ አዳኞች ብዙ ዶላር ከፍለው በሚሄዱበት። መሣሪያውም የራሱ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 1177/2012። ስለዚህ የእኔ አደን ማባረር ሆኖ ቀረ። በሦስት በጋና በሁለት ክረምት አንዲት ጥይት አልተኮስኩም፤ ይህን የምለው ቀጥሎ የምጽፈውን አንብባችሁ «ታዲያ ምን ገደልክ?» እንዳትሉኝ ነው።

እሺ፣ ፈቃዱም መሣሪያውም ያለው ሰው ነው እንበል። ያኔስ?

ውጭ አገር ያሉ አዳኞች ይህችን ሞተር የሚወዷት ለመግደል ብለው አይደለም፣ ከገደሉ በኋላ ለመሸከም ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤልክ የሚባለው አጋዘን ወንዱ 300 ኪሎ ይሞላል። እሱን ከጫካ ለማውጣት ወይ ሞተር ወይ ፈረስ ወይ አምስት ጓደኛ ያስፈልጋል። እኛ ቆላ ያለው ድኩላ ቢገዝፍ ቢገዝፍ 80 ኪሎ ነው። ሚዳቋ 20 ኪሎ ብትሞላ ነው፣ ጎረምሳ በትከሻው ይዟት ይሮጣል። ጅግራ ደግሞ ከአንድ ኪሎ ብዙም አታልፍም። ለአንድ ኪሎ ጅግራ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ገደል ለገደል መጎተት ምን ይሉታል? (ሥጋው ቢገኝስ ስንት ቀን ይበላል? ጾሙን ቆጥራችሁታል?)

ድምፅዋም አለ። ማርሚታዋ ደህና በነበረበት ጊዜ እንኳ አጎቴ መምጣቴን የሚያውቀው ሸንተረሩን ሳልሻገር ነው። እሱ ከሰማ ድኩላ አይሰማም? አዳኝ ሞተሩን ከሩቅ አቁሞ በእግሩ ነው የሚቀርበው። ዝንጀሮዎቹ ደግሞ የጉድ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ሞተሯን ሲሰሙ አገር ጥለው ጠፉ። ሦስተኛው ቀን ዛፍ ላይ ሆነው አዩኝ። በሳምንቱ ሞተሯን አቁሜ ቡና ልጠጣ ገባ ስል አንዱ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ዳቦዬን ሲበላ አገኘሁት። የአጎቴን ወንጭፍ ግን እስከ ዛሬ ይፈሩታል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አገሩ አቀማመጥ። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ዓባይ በረሃ ታች 1,000 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ማርቆስ ላይ እንግዲህ ሩብ የሚጠጋው ጉልበቷ የለም ማለት ነው። በዚያ ላይ የእኔዋ በካርቡሬተር የምትሠራ ነበረች። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባታል፤ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ ጠዋት አልነሳም ትላለች። መካኒኩ ቤንዚኑን ቀነሰላት፣ ማርቆስ ላይ ቀጥ አለች። ቆላ ስትወርድ ደግሞ በተቃራኒው ቤንዚን አነሳትና በዚያ ሙቀት ላይ ትግል ጀመረች። አንድ ቀን ተኩል ውስጥ ደጋም ቆላም ለምትነዱ ሰዎች የምመክረው፣ መግዛታችሁ ካልቀረ ቤንዚኑን ራሷ የምትመጥን፣ ኢንጀክሽን ያላትን ፈልጉ። ዋጋዋ ይወደዳል። እኔ ላይ የደረሰውን ግን ታስቀርላችኋለች።

ጎማዋን ብዙ ሰው ያበላሸዋል፣ እኔንም ጨምሮ። የእነዚህ ሞተሮች ጎማ የሚፈልገው ንፋስ ከ4 እስከ 7 ፒኤስአይ ነው፣ ትንሽ ነው። ለስለስ ብሎ ድንጋዩን እንዲያቅፍ ነው የተሠራው። ጎሚስታው እንደ መኪና ጎማ 30 ሞላልኝና ኮረኮንቹ ላይ እንደ ኳስ አነጠረችኝ። እስከ ኤልያስ ድረስ ወገቤ አለቀ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሞተሯን ስረግም ከርሜ ጥፋቱ የንፋሱ መሆኑን የነገረኝ የማዳበሪያ መኪና ሾፌር ነው። የግራር እሾህ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ካላማዳሪያ ስለሌላት ከውጭ በመድፈኛ ትደፈናለች፣ ስለዚህ መድፈኛና የእግር ፓምፕ ከሞተሯ እኩል አስፈላጊ ናቸው። እኔ ሁለት የመድፈኛ ዕቃ ነበረኝ።

ጭቃውን የማያውቅ የጎጃም ሰው የለም። መረሬ መሬት ሰኔ ላይ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም። ጭቃው በጎማዋና በፓራፋንጎዋ መካከል ገብቶ ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል። ሻጩ «ጭቃ ለእሷ ሰርጓ ነው» ያለኝ ትዝ እያለኝ በእጄ ስቆፍር አመሸሁ። በማግስቱ አጎቴ ጥማድ በሬዎቹን፣ እነ ቦራን፣ ይዞ መጣ፣ በጠፍር አስሮ አወጣት። ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ ያያል። አጎቴ ሲጨርስ በሬዎቹን መታ መታ አደረጋቸውና «ፈረንጅ ሠራት፣ ቦራ ጎተታት» አለ። እስከ ዛሬ ሠርግ ላይ ይነሳብኛል።

ከሁሉም የሚያናድደው ይሄ ነው። ማሳው ጥበቃ የሚፈልገው እሸት ሲደርስ፣ ክረምቱ ሳይወጣና መስከረም ላይ ነው። ሞተሯ ደግሞ ሸጋ ሆና የምትሄደው ከኅዳር በኋላ ነው፣ ያኔ በቆሎው ተሸልቅቆ ጎተራ ገብቷል። እሷ የምትፈለግበትና እሷ የምትሄድበት ጊዜ አልተገናኙም።

አወዳደቄንም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ቀልድ አይደለም። ሰው አራት ጎማ ሲያይ አትገለበጥም ብሎ ያስባል። ባለ ሁለት ጎማ ሞተር ስትታጠፍ አብራችሁ ትጋደማላችሁ። ይህቺ አትጋደምም፣ ሰውነታችሁን ወደ ውስጥ ካልጣላችሁ ወደ ውጭ ትጥላችኋለች። ዳገት ስትወጡ ወደ ፊት፣ ቁልቁለት ስትወርዱ ወደ ኋላ መደገፍ አለባችሁ። ተዳፋትን አግድም ማቋረጥ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። እኔ ሞከርኩት። የአጎቴን ልጅ ከኋላ አፈናጥጬ ነበር፤ የእኔዋ ለአንድ ሰው የተሠራች ናት፣ ሁለተኛ ሰው ሲጨመር ሚዛኗ ይጠፋል። የላይኛው ጎማ ድንጋይ ነካ፣ ሞተሯ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ሁለታችንም ዘለልን። እሷ ሦስት ጊዜ ተገለበጠች፣ ቁጥቋጦ ያዛት። ልጁ ምንም አልሆነም። እኔ ጭኔን በማርሚታዋ ተቃጠልኩ፣ ጠባሳው አለ። አክስቴ ለአንድ ዓመት ያህል ቡና ስታፈላ ለእኔ ሦስተኛ አልሰጥህም ትለኝ ነበር፣ በልጇ ነገር።

ወረቀቷን በአጭሩ፤ ሊብሬና ታርጋ ሳይኖራት አትግዙ። «ኋላ ታወጣለህ» የሚባል ነገር የለም። እኔ በወጣሁ በወረድኩ ቁጥር አስፋልት ላይ የተያዝኩበትን ብዛት አልቆጥርም፣ በመጨረሻ በገጠር መንገድ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። መለዋወጫም አዲስ አበባ ካልሆነ የለም፣ አንዲት የፊት ኩሽኔታ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዛ እስክትመጣ አንድ ወር ቆማለች።

ምንም አልጠቀመችም ብል ግን እዋሻለሁ። በጋ ላይ ከታች ወንዝ ውሃ በጀሪካን በማምጣት የሚያህላት አልነበረም። አምስት ጀሪካን፣ 100 ኪሎ፣ ከኋላ ካሮሳ ነገር ብየዳ ቤት አሠርቼላት። ማርና ሰሊጥ ወደ መንገድ አውጥታለች። የታመመች አሮጊት ጤና ጣቢያ ያደረሰችበት ቀን አለ፤ ያን ቀን 180 ሺዋ አላስቆጨኝም። ማሳው ሜዳ የሆነ፣ መንገዱ ጠጠር የሆነ፣ ሰፊ እርሻ ያለው ሰው፣ እውነተኛ አራት በአራት የሆነችውን ካገኘ ይግዛ። ለሥራ እንጂ ለአደን አይግዛ።

አሁን ዳማን እዩዋት። ዳማ የአጎቴ በቅሎ ናት። በዚያው ዘመን በ20 ሺህ ብር ቡሬ ገበያ የተገዛች። እኔ ሞተሬን አቁሜ በእግሬ የምወርደውን ገደል እሷ ጭነት ይዛ ትወርደዋለች። በጨለማ መንገዱን ታውቃለች። ድኩላ ሲያያት አይሮጥም፣ እሷም እንስሳ ናት ብሎ ሣሩን ይቀጥላል። ቤንዚን ሊትር በ15 ኪሎ ሜትር አትጨርስም። አንድ ጉድለት አለባት፣ እኔን አትወድም። ሁለት ጊዜ ረግጣኛለች። ሞተሯም ግን አቃጥላኛለች፣ ስለዚህ በዚያ እኩል ናቸው።

2014 ላይ ሸጥኳት። የገዛት ሰው ጣና ዳር ሜዳ ላይ አትክልት የሚያለማ ነው፣ ደስተኛ እንደሆነ ሰምቻለሁ። በ150 ሺህ ነው የሸጥኩለት፤ የኋላ ጎማዎቿ ብቻ እንደሚገፉም አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። ከሁለቱ የመድፈኛ ዕቃ አንዱን ብቻ ሰጥቼው ሌላው መሳቢያዬ ውስጥ ቀርቷል። የሚፈልግ ካለ ማርቆስ መጥቶ ይውሰድ፣ በነፃ ነው።