ባለ 8 ወይስ ባለ 10 እጥፍ ባይኖኩላር? ለወሎ ተራሮች የሚሆነውን ለመምረጥ

በላሊበላ አቅራቢያ ባለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀይ ቀበሮን፣ ወይም በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የጭላዳ መንጋን ከርቀት ማየት የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ 8×42 እና 10×42 ከተባሉት ባይኖኩላሮች (የርቀት መመልከቻ መነጽሮች) አንዱን ለመምረጥ ይቸገራል። የመጀመሪያው ቁጥር የማጉላት አቅምን፣ 42 ደግሞ የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊሜትር ያመለክታል።

ጅብራ በተባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች መካከል የሚንቀሳቀሰው ቀላ ያለ እንስሳ ቀበሮ ይሁን የእረኛ ውሻ ለመለየት ባለ 10ው ይበልጣል፤ ይህን ብልጫውን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ምስሉን እንደሚያጎላው ሁሉ የእጅን መንቀጥቀጥም ስለሚያጎላ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ዳገት ወጥቶ ትንፋሹ የተቆራረጠ፣ ነፋሱም የሚገፋው ተመልካች ክርኑን በድንጋይ ላይ ካላስደገፈ በስተቀር ያንን ተጨማሪ ዝርዝር አያገኘውም። የእይታ ስፋቱም ጠበብ ያለ በመሆኑ፣ አይጥ ለመያዝ የሚሮጥ ቀበሮ በቀላሉ ከዓይን ያመልጣል።

ሌላው ቁም ነገር ብርሃን ነው። 42ን በማጉላት አቅሙ ስናካፍል ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ በባለ 8ው 5.25፣ በባለ 10ው 4.2 ሚሊሜትር ይሆናል። ልዩነቱ በቀትር አይታወቅም፤ ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል መውጣት በሚጀምሩበት ደብዛዛ ንጋት ግን በግልጽ ይታያል።

ክብደታቸው ተቀራራቢ ነው። በእግር እየተጓዘ ለሚመለከት ሰው ያለማመንታት የምመክረው ባለ 8ውን ነው፤ ባለ 10ው የሚሻለው ባለሦስት እግር ማቆሚያ ይዞ በአንድ ቦታ ለሚቀመጥ ተመልካች ነው። የደጋው ጭጋግ ሌንሱን ከውስጥ እንዳያደበዝዘው፣ የትኛውም ቢመረጥ ናይትሮጅን የተሞላና ውኃ የማያስገባ መሆኑን ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።