የቅርብ መነጽሬ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ዕድሜዬ 51 ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ዓምና መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ። ክሩን በምራቄ አሾለዋለሁ፣ መርፌውን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ፣ እጄን ዘርግቼ አርቀዋለሁ፤ ክሩ በቀዳዳው ጎን ያልፋል። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር መስፋትማ ተዉት። የጎረቤቴን ልጅ "ና እስቲ የኔ ጌታ፣ ይቺን አስገባልኝ" እያልኩ ከረምኩ።

መጀመሪያ ከአዟሪ ፕላስ 2.50 የሚል መነጽር ገዛሁ፤ ቁጥሩ የመነጽሩ ጉልበት ነው። የመረጥኩት ፊደሉን ከሁሉም አጉልቶ ያሳየኝን ነው። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። በ2.50 ጥርት ብሎ የሚታየው 40 ሳንቲሜትርና ከዚያ የቀረበ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ሳላውቀው ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ እውል ነበር። ማታ አንገቴ አልዞር ይላል፣ ራሴን ይወጋኛል።

በመጨረሻ ተመረመርኩ። መርማሪዋ "ጋሼ፣ ሲሠሩ ጨርቁን የት ላይ ነው የሚይዙት? እስቲ ያሳዩኝ" አለችኝ። ሜትሬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ለካን። 55 ሳንቲሜትር! ለሁለቱም ዓይኔ ፕላስ 1.50 አዘዘችልኝ። የዓይኔን ግፊትም ለካች፤ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ሳያሳምም ዓይን ያጠፋልና ይህን አትለፉት። ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከ40 ዓመት በኋላ እየጠጠረ ስለሚሄድ ቅርብ ለማየት እንደ ድሮው ቅርጹን መቀየር እንደማይችል ያስረዳችኝም እሷ ናት። መነጽር ማድረግ አያባብሰውም፣ መተውም አያድነውም።

ዋጋው ከአዟሪው ብዙ እጥፍ ነው፣ ግን አልቆጨኝም። ቀጥ ብዬ ተቀምጬ እሰፋለሁ። ክሩንም ራሴ አስገባለሁ።

ጉድለትም አለው። በር ላይ የቆመ ደንበኛ ይደበዝዝብኛል፤ ዝቅ አድርጌ በላዩ ማየት አለብኝ። ክረምት ላይ ከጉሙ ወደ ቡና ቤት ስገባ እንፋሎት ይለብሳል። የጎኑ ብሎን ሁለት ጊዜ ላልቷል፤ በመኪናዬ ትንሽ ካቻቢቴ አጠበቅኩት። ሌንሱን የጫርኩት እኔ ነኝ፣ ብናኝ ባለበት ቁራጭ ጨርቅ በደረቁ ስወለውል። አሁን በውሃና በሳሙና አጥባለሁ።

መብራት ሲጠፋ ግን መነጽሩ ብቻውን አይበቃም። በጨለማ የዓይን ብሌን ስለሚሰፋ ጥራቱ ይቀንሳል። ውጭ ያለው ወንድሜ ስለ ዓይን ጠብታ ነግሮኝ ነበር። ፓይሎካርፒን የሚባለው ጠብታ በ2021 እ.ኤ.አ. ለዚሁ የቅርብ እይታ ችግር አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ብሌንን አጥብቦ ለጥቂት ሰዓታት ቅርቡን ያጠራል፤ በደብዛዛ ብርሃን ግን እይታን ይቀንሳል። ለእኔ ሥራ አይሆንም። በዚያ ፋንታ የምትሞላ አምፖል ገዝቼ ከመርፌዋ አጠገብ ሰቀልኩ።

የድሮውን 2.50 አልጣልኩትም። የተሳሳተ ስፌት ስፈታና የመድኃኒት ወረቀት ሳነብ አወጣዋለሁ። ቁጥሩ በየጥቂት ዓመቱ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ያኔም ሜትሬን ይዤ ነው የምሄደው።