የመኪና ባትሪ ለቤት ሶላር፦ ከ15 ወር በኋላ

እኛ ቤት እንጀራ የሚጋገረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። መብራት የሚጠፋውም ቅዳሜ ጠዋት ነው። አዲስ አበባ ሰሚት አካባቢ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እንኳ ሥርዓቱን በቴሌቪዥን የተከታተልኩት በዚሁ ባትሪ ነው፤ ግድቡ ቢያልቅም የሰፈራችን ትራንስፎርመር ያው ነው።

ጥቅምት 2017 ላይ የገጠምኩት ከፊት ተመትታ ከተጣለች የመጀመሪያ ትውልድ ኒሳን ሊፍ (የኤሌክትሪክ መኪና) የወጣ ባትሪ ነው። ሊፍ እዚህ ብዙም የለም፣ ይቺም በዱባይ በኩል የገባች ነበረች። ነዳጅ የሚጠጡ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ግን ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ስለተሞላ፣ ተጋጭቶ ጋራዥ የሚቆመውም በርክቷል። የሊፍ ሙሉ የባትሪ ጥቅል አዲስ እያለ 24 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ ውስጡም 48 ሞጁል አለ። አንዱ ሞጁል ወፍራም ላፕቶፕ የሚያክል፣ 3.8 ኪሎ የሚመዝን የአሉሚኒየም ሳጥን ነው። እኔ 16 ገዝቼ 14ቱን ተጠቀምኩ፦ ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን (ፓራለል) አጣምሬ፣ ሰባቱን ጥንድ በተከታታይ፣ ለ48 ቮልት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር መሣሪያ)። ጣሪያው ላይ ባለ 550 ዋት ፓኔል አራት አለኝ። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም፤ ፊውዙ፣ ቢኤምኤሱ (የሴሎቹን ቮልቴጅና ሙቀት የሚቆጣጠረው ሰሌዳ)፣ ካቦውና ሳጥኑ ተደምረው ግን የሞጁሎቹን ዋጋ ሲሶ ያህል ወስደውብኛል።

ጥቅሉን ራሴ አልፈታሁትም፣ እናንተም አትሞክሩት። ሙሉው ጥቅል 400 ቮልት ገደማ ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ የባትሪ ኃይል) ነው። ጥቅሉ ላይ ያለውን መነጠያ መሰኪያ ስለነቀሉ ብቻ የሞተ የሚመስላቸው አሉ፤ እሱ ጥቅሉን ለሁለት ይከፍለዋል እንጂ አያጠፋውም፣ እያንዳንዱ ግማሽ ብቻውን ሰው ይገድላል። የከፈተልኝ ልጅ የከፍተኛ ቮልቴጅ ጓንት አጥልቆ፣ ቀለበቱንና ሰዓቱን አውልቆ፣ በአንድ እጁ እየሠራ ነው የፈታው። አጠገቡ ቆሜ ላብ ያጠመቀኝ እኔ ነኝ።

ሻጩ «80 ከመቶ ጤና አለው» ብሎኝ ነበር። አንድ ሞጁል አዲስ እያለ 65 አምፔር ሰዓት ገደማ ይይዛል። እኔ እያንዳንዱን ሞልቼ በ10 አምፔር እያራገፍኩ ስለካ አብዛኞቹ ከ40 እስከ 48 ሰጡኝ፣ አንዱ 31፤ ሌላው ደግሞ ሆዱ አብጦ ስላየሁት ሳልለካው አስወገድኩት። ልኬቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ ሞልቼ ሁለት ሳምንት አስቀመጥኳቸው፣ ቆሞ ቮልቴጁ የሚወርድ ካለ ውስጡ እያፈሰሰ ነውና። በመጨረሻ ጠንካራውን ከደካማው እያጣመርኩ እያንዳንዱ ጥንድ 88 አካባቢ እንዲመጣ አደረግሁ፤ በተከታታይ የተያያዘ ባትሪ ልኩ የደካማው ጥንድ ልክ ነው። የሊፍ ሞጁል ሦስት ጫፍ እንዳለው አትርሱ፦ ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭና መሐል። ጥንድ ስታደርጉ መሐሉንም ከመሐሉ ማገናኘት አለባችሁ፣ አለዚያ ቢኤምኤሱ ግማሹን ሴል (ሞጁሉ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ባትሪዎች) አያየውም።

መስመሩን የዘረጋልኝ ኤሌክትሪሽያን ለፓኔሉ ተራ የኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ የቆጣሪ ኃይል) ብሬከር ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ብሬከር ብሬከር ነው» አለኝ። አይደለም። ኤሲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚያልፍ ብሬከሩ ሲከፈት ብልጭታው ራሱ ይጠፋል። ዲሲ ግን ዝም ብሎ ይነዳል፣ አራቱ ፓኔሎች በተከታታይ ሲያያዙ ደግሞ 200 ቮልት ይጠጋሉ። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አብዛኛው ብሬከርና ኢንቨርተር ልኩ የተሰጠው እስከ 2,000 ሜትር ነው። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ ለማጥፋትም ለማቀዝቀዝም ይደክማል። ስለዚህ የዲሲ ብሬከር ከፍ ባለ ልክ፣ ባትሪው አፍ ላይ ደግሞ ክላስ ቲ የሚባል፣ ኃይለኛ ኮንታክትን ቶሎ የሚቆርጥ ባለ 150 አምፔር ፊውዝ አስገባሁ። 48 ቮልት ሰው የመግደል ዕድሉ ዝቅተኛ ቢሆንም፣ ኮንታክት ከፈጠረ ኪያቤ የሚያቀልጥ አምፔር ይለቃል። ኢንቨርተሩን መጀመሪያ በቀጥታ ስናገናኘው ጧ ብሎ የካቦውን ጫፍ በላው። አሁን መጀመሪያ ኃይሉን በሚያለዝብ ሬዚስተር በኩል የኢንቨርተሩን ካፓሲተር ጥቂት ሴኮንድ አስሞልቼ ነው ዋናውን የማገናኘው።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ይፈነዳል እንዴ?» ብላ ከመጀመሪያው ቀን የጠየቀችኝ እማዬ ናት። ደረጃ ሥር ላስቀምጠው አስቤ ነበር፣ እሷ ናት ያስጣለችኝ። አሁን ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ፣ በብሎኬት በተሠራ የቆርቆሮ በር ባለው ጎጆ ውስጥ፣ አየር ከላይና ከታች እየገባለት ይኖራል። እንዲህ ያለ ባትሪ አንዴ ከተቀጣጠለ በዱቄት ማጥፊያ አይቆምም። ጭሱም መርዝ ነው። ሞጁሎቹን በሁለት ወፍራም ሳህን መሐል በረጃጅም ቡለን ጨምቄያቸዋለሁ፤ ለስላሳ ሴል ሳይታቀፍ ከተተወ ያብጣል።

አሁን ወደ ስህተቴ። ስድስተኛው ወር ላይ፣ ቅዳሜ፣ መብራት ጠፍቶ እማዬ በባትሪው እየጋገረች ነበር። ምጣዱ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ይስባል፣ ከባትሪው በኩል 75 አምፔር ገደማ ማለት ነው። ጓሮ ስወጣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ቢኤምኤሱን በስልኬ ከፈትኩት፤ ሙቀት 29 ዲግሪ፣ ሁሉም ሰላም። ምጣዱን አስጠፍቼ፣ ብሬከሩን አውርጄ ክዳኑን ሳነሳ የአንዱ ማገናኛ ፕላስቲክ ቡና መስሏል። ዳዶው በጣት ይዞራል። የሙቀት መለኪያዎቹን የለጠፍኩት ሞጁሎቹ ገላ ላይ ስለነበር መገጣጠሚያው ሲግል ማንም አላየውም። አሁን ስፕሪንግ ሮንዴላ ገብቷል፣ ሁሉም በቶርክ ሬንች ተጠብቋል፣ አንዱ መለኪያም እዚያው መገጣጠሚያው ላይ ተለጥፏል። በየወሩ መጀመሪያ ከጭነት በኋላ በሌዘር ቴርሞሜትር አንድ በአንድ እለካቸዋለሁ።

ሌላው ጣጣ የኢንቨርተሩ ነባር ቅንብር ነው። የተሠራው ለአሲድ ባትሪ ስለሆነ «ኢኳላይዜሽን» የሚባል ነገር አለው፣ ሲነሳበት ቮልቴጁን ከልክ በላይ ይሰቅላል። ለሊፍ 14 ሴል (ሰባት ጥንድ፣ በየጥንዱ ሁለት ሴል በተከታታይ) 58.8 ቮልት የመጨረሻው ጣሪያ ነው። እኔ አጥፍቼው 57.4 ላይ አስቆማለሁ፣ ታች 49 ላይ ይቆረጣል። ከ4.6 ኪሎዋት ሰዓቱ ሁሉን አላገኝም፣ ግን ባለፈው ሳምንት አንዱን ጥንድ ፈትቼ ስለካው 84 ሰጠኝ። በ15 ወር የወረደው አራት ብቻ ነው፣ ከጠበቅሁት የተሻለ ነው።

ክረምት ላይ ግን ተስፋ አታድርጉ። ሐምሌና ነሐሴ ፓኔሉ ፍሪጅና ዋይፋይ ካስቻለኝ አመሰግናለሁ፣ ባትሪውን የምሞላው መብራት በመጣ ሰዓት ከቆጣሪ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ከሰዓት በፊት ይሞላና ፀሐዩ ይባክናል።

ዛሬ ብጀምር ሊፍ ሳይሆን ከቻይና መኪኖች የሚወጣውን ኤልኤፍፒ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት) ባትሪ እፈልግ ነበር። 16 ሴል በተከታታይ ከ48 ቮልት ኢንቨርተር ጋር ደህና ይገጥማል፣ ሲሞቅም እንደዚህኛው ቶሎ አይሸበርም። ዳዶው ግን እሱም ላይ ይላላል።

እማዬ አሁን ምጣዱን ከመጣዷ በፊት ከወጥ ቤት ትጣራለች፦ «ስንት ቀረው?» ከ60 በታች ካልኳት ሊጡን ትከድነዋለች።