እንጀራ የሚበላበት ቤት ዕቃ ማጠቢያ ማሽን፦ የ4 ዓመት ግምገማ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ቤታችንን ስንገዛ ወጥ ቤቱ ውስጥ የነበረው ዕቃ ማጠቢያ ማሽን አርጅቶ ስለነበር፣ በምትኩ ማጣሪያው በእጅ እየወጣ የሚጸዳ አዲስ ማሽን አስገባን። ከዚያ ወዲህ 4 ዓመት ሆኖታል። የአምራቹን ስም ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው፤ እዚህ የማነሣው ብርታትም ሆነ ጉድለት የአንድ አምራች ብቻ ሳይሆን፣ ዛሬ በአሜሪካ መደብሮች የሚሸጡ ብዙ ማሽኖች የሚጋሩት አሠራር ነው። የምጽፈው በተለይ እንደ እኛ እንጀራና ወጥ በየቀኑ ለሚበላበት ቤት ነው፤ በሽያጭ ገጾች ላይ ያነበብኳቸው አስተያየቶች ሁሉ የፓስታና የፒዛ ሳህን ከሚታጠብበት ቤት የመጡ ስለሆኑ ለእኔ ብዙም አልጠቀሙኝም።

ስለ አጠባው ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ለመደበኛ መጠን ማሽን በአንድ ዙር ከ5 ጋሎን፣ ማለትም ከ19 ሊትር ገደማ በላይ ውሃ ስለማይፈቅድ፣ ማሽኑ ያችኑ ጥቂት ውሃ እያጣራ ደጋግሞ ይረጫታል። ከድሮዎቹ ማሽኖች ብዙዎቹ የምግብ ትራፊ የሚፈጭ ስለት ነበራቸው፤ ድምፃቸውም ከሳሎን ይሰማ ነበር። የአሁኑ ስለቱን ትቶ በወንፊት ተክቶታል። ጸጥታውን የምወድለት በዚህ ምክንያት ነው፤ ችግሩም የሚመነጨው ከዚያው ነው። ስለት የነበረው ማሽን ትራፊውን ፈጭቶ ያስወጣው ነበር፤ ወንፊት ያለው ግን ይይዘዋል፣ የያዘውንም የሚያነሣለት ሰው ይጠብቃል።

እኛ ይህን አናውቅም ነበር። ማሽኑ ከገባ 8 ወር ሲሞላው፣ በፋሲካ ማግስት ጠዋት በሩን ስከፍት፣ ቅቤ የተንሳፈፈበት ቀይ ውሃ የታችኛውን መደርደሪያ እግር አልፎ ቆሟል። ሌሊቱን የታጠቡት ሳህኖች ጀርባቸው ላይ የበርበሬ ደቃቅ ተለጥፎባቸዋል። መጀመሪያ የደወልኩለት የጥገና ድርጅት ማሽኑን ሳያይ፣ በስልክ ብቻ፣ ፓምፑ ተቃጥሏል ብሎ ከ300 ዶላር በላይ ጠየቀኝ። በሩ እንኳን ሳይከፈት እንዲህ ያለ ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

በማግስቱ፣ በቤተ ክርስቲያን የምናውቃት እኅት ያገናኘችን አንድ ሸምገል ያሉ ሐበሻ ባለሙያ መጡ። ከሁሉ አስቀድመው ብሬከሩን አጠፉ፤ ቀጥለው የቆመውን ውሃ በጣሳና በስፖንጅ ወደ ባልዲ አወጡ። ከዚያ ወደ ታች እያመለከቱ፣ «የኔ ልጅ፣ ይህችን አውጥተሽ አጥበሻት ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ፣ የምትወጣ መሆኗንም አላውቅ» አልኳቸው። ማጣሪያውን ወደ ግራ አዙረው ሲያነሡት፣ የወንፊቱን ቀዳዳዎች ጥርቅም አድርጎ የዘጋ፣ ሙጫ የመሰለ ግራጫ ነገር ተለጥፎበታል። በጣታቸው ጠርገው አሳዩኝና «ይኼ እኮ አብሲት ነው» አሉ።

አባባላቸው ነገሩን በትክክል ይገልጸዋል። አብሲት የምንሠራው ከሊጡ ጥቂቱን ከፈላ ውሃ ጋር አብስለን፣ የጤፉ ስታርች ውሃ መጥጦ እንዲወፍር በማድረግ ነው፤ ሳህን ላይ የቀረ የእንጀራ ፍርፋሪም ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ያው ይሆናል። የአጠባ ሳሙናዎች ብዙዎቹ ስታርችን የሚሰባብር ኢንዛይም ቢኖራቸውም፣ ጓል ሆኖ ወንፊት ላይ የተከመረውን ግን በአንድ ዙር ጨርሰው አያሟሙትም። ባለሙያው ማጣሪያውን በሙቅ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ አጥበው መለሱት፤ ማሽኑን ሲያስነሡት ውሃው ወዲያው ተንደቅድቆ ወጣ። የተቀበሉኝም የመምጫቸውን ዋጋ ብቻ ነው።

መመሪያ መጽሐፉን ያን ቀን እንደገና አነበብኩት። የማጣሪያው ጽዳት ተጽፏል፤ ነገር ግን ወደ መጨረሻው ገጽ ግድም፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከዋስትናው ማስታወቂያ አጠገብ ነው። የውሃ ማለስለሻ ጨው አልቋል፣ ማድረቂያ ፈሳሽ አልቋል ብሎ መብራት የሚያበራ ማሽን፣ ከሁሉ ለሚብሰው ጉዳይ አንዲት መብራት አለማዘጋጀቱ ትልቅ ጉድለት ነው።

በ3ኛው ዓመት ውሃው ሁለተኛ ጊዜ አልወጣ ሲል ማጣሪያው ንጹሕ ነበር። በዚህ ጊዜ የጠቀመኝ ባለሙያው የነገሩኝ ሌላ ነገር ነው፤ ማሽኑ ውሃ ሊያስወጣ ሲል የሚያሰማውን ድምፅ አዳምጪ ብለውኝ ነበር። ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ የመሰረዣውን ቁልፍ ለጥቂት ሰኮንድ ተጭኖ በመያዝ ውሃውን እንዲያስወጡ ማዘዝ ይቻላል። ያን ጊዜ ፓምፑ እያጉረመረመ ውሃው ካልወጣ፣ ኤሌክትሪክ ደርሶታል፣ ነገር ግን ወይ ውሃውን የሚገፋውን የፓምፑን መዘውር አንዳች ነገር ቀርቅሮታል ወይም መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ፣ ያን ጊዜ ፓምፑን ራሱን ወይም ትእዛዝ የሚያስተላልፍለትን ክፍል መጠርጠር ይገባል። ውሃው ከወጣ በኋላ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ጥፋቱ ከማሽኑ ውጭ፣ በውሃ ማስወጫው ቱቦ አሰቃቀል ላይ ወይም ውሃው እንዳይመለስ በሚያግደው ትንሽ ክዳን ላይ ሊሆን ይችላል። ከማጣሪያው ሥር የምትቀር ጥቂት ውሃ ግን ችግር አይደለችም፤ የፓምፑ ላስቲክ እንዳይደርቅ የምትጠቅም ናት።

የእኛው ማሽን ያጉረመርም ነበር። ብሬከሩን አጥፍቼ፣ ውሃውን ቀድቼ፣ የእጅ ጓንት አድርጌ፣ ከማጣሪያው ጉድጓድ በስተጎን ያለችውን የፓምፕ ክዳን ከፈትኩ። የሽምብራ ክክ የምታክል የስኒ ስባሪ በመዘውሩ ክንፎች መካከል ተሰክታ አገኘሁ፤ በጉጠት ይዤ አወጣኋት። የገባችበትንም መንገድ ደርሼበታለሁ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ከመደርደሪያው ላይ ስኒ ተሰብሮ ስለነበር፣ ስባሪውን ሳልለቅም ማጣሪያውን ስላነሣሁት ወደ ጉድጓዱ ወርዳለች። መዘውሩን በጣቴ ሳዞረው ዘወር፣ ቆም፣ ዘወር ይል ስለነበር ተበላሽቷል ብዬ ደንግጬ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ባለው ፓምፕ ውስጥ ማግኔት ስላለ፣ እንደዚያ እየያዘ መዞሩ የጤንነቱ ምልክት ነው። ክዳኑ ማሽኑን ከቦታው ሳይነቅሉ፣ ከውስጥ በኩል የሚከፈት መሆኑ የዚህ አሠራር ትልቁ ብርታት ነው እላለሁ።

ከሲንኩ ሥር ያለውም ነገር መታየት አለበት። ቱቦው ከማሽኑ ወጥቶ ወደ ሲንኩ ፍሳሽ ከመግባቱ በፊት እስከ ሲንኩ መደብ ታችኛ ገጽ ድረስ ከፍ ብሎ መታሰር አለበት፤ መሬት ላይ ከተጋደመ የሲንኩ ቆሻሻ ውሃ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ለእኛ ቤት ሌላ ጣጣም አለ፤ ንጥር ቅቤ በሙቅ ውሃ ቀልጦ ከማሽኑ ይወጣና፣ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ በሽብሽቦቹ መካከል ይረጋል። ዓመት በዓል ካለፈ በኋላ ፋሸታውን ፈትቼ፣ ቱቦውን በሙቅ ውሃ ሳሳልፈው የሚወርደው ቢጫ ቅባት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ወጡን ከሳህኑ በወረቀት ጠርጎ ማስገባት ከማንኛውም ጽዳት ይበልጣል።

የእኅቴ ማሽን ግን ፍጹም የተለየ ምክንያት ነበረው። ዲስፖዛል የሚባለውን የሲንክ ትራፊ መፍጫ በአዲስ ባስቀየረች ማግስት ማሽኗ ውሃ አላስወጣ አለ። ለካ አዲሱ መፍጫ የዕቃ ማጠቢያው ቱቦ የሚገባበትን አፍ የሚደፍን ውታፍ ይዞ ነው ከፋብሪካ የሚመጣው፤ የገጠመው ሰው ሳይነቅለው ቱቦውን አስሮበታል። ቱቦውን ፈትቶ ውታፉን በካቻቢቴና በመዶሻ መትቶ መጣል፣ መፍጫው ውስጥ የወደቀውንም ስባሪ ማውጣት በቂ ነበር።

ውሃ ለማያስወጣ ማሽን የሚመከሩት ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ሽታ ይቀንሱ ይሆናል፤ የተቀረቀረ የስኒ ስባሪ ግን አያወጡም። የፍሳሽ መክፈቻ ኬሚካል ማሽኑ ውስጥ ማፍሰስ ደግሞ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ላስቲኮቹን ሊበላ ይችላል፣ በኋላ እጁን ለሚያገባው ሰውም አደገኛ ነው።

ለማሽኑ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ማጣሪያውን እንዳጥብ ስለማያስታውሰኝና መመሪያው ስለሚደብቀው ነው። እኔ አሁን በየሳምንቱ ቅዳሜ አጥበዋለሁ፤ 2 ደቂቃ አይፈጅም፣ የስኒዋን ስባሪ ካወጣሁ ወዲህም ውሃ ቆሞ አላየሁም። አዲስ ልትገዙ የምትሄዱ ካላችሁ፣ መደብሩ ውስጥ የታችኛውን መደርደሪያ ስባችሁ አውጡና ማጣሪያውን በአንድ እጅ አዙራችሁ ንቀሉት፤ የፓምፑ ክዳን ከውስጥ የሚከፈት መሆኑንም ሻጩን ጠይቁት።