ከጥቁር ገበያ ስልክ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እኔ ተሸውጃለሁ

ስልኩ ከሱቅ ዋጋ በግማሽ ነው የተሸጠልኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው ሻጩ ፈገግ ብሎ "ቀረጥ ስላልተከፈለበት እኮ ነው የረከሰው፣ ደረሰኝ ከየት ይመጣል?" አለኝ። ከዚያ መሸሽ ሲገባኝ ጭራሽ ልቤ አረፈ። ለርካሽነቱ ምክንያት ተገኘለታ! ማጥመጃው ይሄው ነው። ትንሿን ጥፋት ራሳቸው ይነግሯችኋል፣ ትልቋን እንዳትጠይቁ። ትልቋ ምን መሰላችሁ? ስልኩ የተሰረቀ መሆኑ።

እዚያው ቆሜ ሞከርኩት። ካሜራው ይሠራል፣ ሲሜን ከትቼ ደወልኩ፣ ጥርት ያለ ድምፅ። እንዲህ ሆኖ 9 ቀን ሠራ። በ10ኛው ቀን ኔትወርኩ ድርግም። ሲሙን ሌላ ቀፎ ላይ ስከተው ይሠራል። ለካ የስልኩ ባለቤት አመልክቶ ኖሮ ቁጥሩ ጥቁር መዝገብ ውስጥ፣ ማለትም ኔትወርክ የሚከለከሉ ስልኮች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

ቁጥሩ ስል አይኤምኢአይ የሚባለውን ነው። 15 አሃዝ አለው፣ የቀፎው መታወቂያ በሉት። *#06# ስትሉ ይመጣል፣ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ከሆነ ሁለት ቁጥር ያሳያችኋል። ካርቶኑ ላይ በተለጠፈው እንዳትሸወዱ፣ እሱን ማንም አትሞ ይለጥፋል። ደግሞ ልብ በሉ፣ ዛሬ ስታጣሩት ንጹህ የሆነ ቁጥር ነገ ሊዘጋ ይችላል፣ ምክንያቱም የተሰረቀበት ሰው ገና አላመለከተ ይሆናል። የእኔው እንደዚያ ነበር።

ሌላው ጣጣ አካውንት ነው። አይፎን ከ2013 ጀምሮ፣ አንድሮይድ ደግሞ ከ5.1 ሥሪት ወዲህ፣ በግድ ሪሴት ሲደረግ (ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ ሲነሳ) የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ይጠይቃል። ፓስወርዱን ካላወቃችሁ እጃችሁ ላይ ያለው መስታወት ነው። ስለዚህ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሻጩ ራሱ ከአካውንቱ ይውጣ፣ ሁሉንም ያጥፋ፣ ከዚያ እናንተ እንደ አዲስ አስነሱት። "ቸኩያለሁ" ካለ እናንተም ቸኩሉና ሂዱ።

ከሞከራችሁ በኋላ ደግሞ ስልኩ ከእጃችሁ አይውጣ! "ቆይ በካርቶኑ ላስገባልህ" የሚሉት ነገር አለ፣ ቤት ደርሳችሁ ስትከፍቱት ያያችሁት ስልክ የለም።

ፖሊስ ጋ ልሂድ ብዬም አስቤ ነበር። ምን ብዬ? የተሰረቀ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ የእኔን ብር የሚመልስልኝ የለም፣ እያወቁ መግዛት ደግሞ በብዙ አገር ራሱ ወንጀል ነው። ሻጩ ጋ ስደውል ስልኩ አይነሳም።

ትናንት ግን አየሁት፣ ማስታወቂያ አውጥቷል። ስሙን ቀይሯል፣ ፎቶው ያው ነው። ከሥሩ "ቀረጥ ያልተከፈለበት፣ ስለዚህ ርካሽ" ይላል።